አራተኛው ዱላ፦ በአሮጌ ላንድሮቨር ላይ ኦቨርድራይቭ ያስገጠምኩበት ታሪክ

ላንድሮቨሬ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው ዓይኑ ዱላዎቹ ላይ ያርፋል። «ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ይላል። ረጅሙ የማርሽ ነው። ቀይ አናት ያለው የከባድና የቀላል ማርሽ መለወጫ ነው። ቢጫው ወደ ታች ሲጫን የፊት ጎማዎችን ያስገባል። አራተኛው የኦቨርድራይቭ ነው፤ በዚያው ፍጥነት የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ትንሽ የማርሽ ሳጥን፣ ካምቢዮ። እሱ ግን ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው አይደለም። እኔ ነኝ ያስገጠምኩት። አሮጌ ላንድሮቨር ያላቸው ሦስት አራት ወዳጆቼ ስለዚህ ዱላ በየተራ ስለጠየቁኝ፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

መኪናዋ ሲሪስ ሦስት ናት። ረጅሟ፣ 109 የሚሏት። እ.ኤ.አ. በ1976 የተሠራች፣ 2.25 ሊትር ቤንዚን ሞተር ያላት፣ ባለ አራት ማርሽ። ከአባቴ ነው የወረስኳት። አባዬ እህል ጭኖባታል፣ ሙሽራ ጭኖባታል፣ አንዴ ደግሞ በሬ ጭኖባታል ይባላል። በሬውን እኔ አልደረስኩበትም።

ዳገት አያስፈራትም። የሚያስፈራት ሜዳ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት፣ 85 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ አስፋልት አገኘን ብለን ደስ አለን። እኔና እሷ ግን እዚያ መንገድ ላይ ተሰቃየን። 80 ስትደርስ ሞተሩ ይጮኻል፣ በሩ ይንቀጠቀጣል፣ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር ለማውራት ጆሮው ሥር መጮህ አለብህ። አዳማ ስንደርስ እናቴ አንድ ነገር ብቻ አለች፦ «ልጄ፣ ስንመለስ በሚኒባስ ልሂድ?»

ላንድሮቨሯ የሞተር ዙር መቁጠሪያ የላትም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ በወረቀት አሰላሁት። የዲፈረንሻሉ ጥርስ 4.7 ለ1 ነው። ትራንስፈሩ፣ ማለትም ከካምቢዮው ጀርባ ሆኖ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው፣ በቀላሉ ማርሽ 1.148 ለ1። ሲባዙ 5.4 ይሆናሉ። አራተኛ ማርሽ ላይ ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ 5.4 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። 7.50 በ16 የሆነው ጎማዬ በአንድ ዙር ወደ ሁለት ሜትር ከ45 ሴንቲ ይሄዳል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሞተሩ በደቂቃ 2,900 ዙር አካባቢ ይዞራል። በ100 ደግሞ ከ3,600 ያልፋል። ለዛሬ መኪና ይህ ምንም አይደለም። የእኔ ሞተር ግን ክራንክ ሻፍቱ የተደገፈው በሦስት ቦታ ብቻ ነው። አምስት ቦታ የተደገፈው ሞተር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ይህን ሞተር ለሰዓታት በዚያ ዙር መንዳት፣ ሽማግሌን ሩጥ እንደ ማለት ነው።

መፍትሔ ብለው የመከሩኝ ብዙ ናቸው። አንዱ «የቶዮታ ሞተር ከነካምቢዮው አስገባና ተገላገል» አለኝ። ይሠራል፣ ብዙ ሰውም አድርጎታል። እኔ ግን ቶዮታ ብፈልግ ቶዮታ እገዛ ነበር። ሌላው የሬንጅ ሮቨርን ዲፈረንሻል መከረኝ። ጥርሱ 3.54 ስለሆነ ዙሩን በደንብ ያወርዳል፣ በአጭሯ ላንድሮቨር ላይም በቀላሉ ይገባል። የእኔዋ ረጅሟ ስለሆነች የኋላ አክስሏ ሳልስበሪ የሚባለው ትልቁ ነው። እሱ ላይ አይገባም። ቢገባም አልፈልገውም ነበር። ዲፈረንሻል አንዴ ከተቀየረ ሁልጊዜ እሱ ነው። አንደኛ ማርሽም አብሮ ይረዝማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ካርቡሬተር ያለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል የአየሩ መሳሳት ወስዶበታል። ከእንጦጦ ዳገት ሥር ቆሞ በረጅም አንደኛ ማርሽ ለመነሳት መሞከር ፍሪሲዮን ማቃጠል ነው።

ኦቨርድራይቭ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሲያስፈልግ ታስገባዋለህ፣ ሳያስፈልግ ታወጣዋለህ።

እኔ ያገኘሁት ፌይሪ የሚባለውን ነው። እንግሊዝ አገር በ1970ዎቹ አጋማሽ ለላንድሮቨር ተብሎ የወጣ ነው። ከትራንስፈሩ ጀርባ፣ ማሽን ማንቀሳቀሻ እንዲገጠምበት የተተወ ክዳን አለ። ኦቨርድራይቩ ያን ክዳን ተክቶ እዚያ ላይ ይታሰራል። ካምቢዮው አይወርድም። ካርዳኑ አይቆረጥም። ውስጡ ትንሽ ካምቢዮ ነው፣ ሁለት ማርሽ ብቻ ያለው። አንዱ ቀጥታ ያሳልፋል። ሌላው ሞተሩ 78 ዙር ሲዞር ወደ ትራንስፈሩ 100 ዙር ያስተላልፋል። ትክክለኛው ቁጥር 0.782 ነው። ስለዚህ 100 ስሄድ ሞተሩ የሚሰማኝ በፊት 78 ላይ እንደሚሰማኝ ነው። የፍጥነት መቁጠሪያው ገመድ የሚነሳው ከትራንስፈሩ መውጫ፣ ማለትም ከኦቨርድራይቩ በኋላ ስለሆነ ንባቡ አይዛባም።

ዕቃውን የገዛሁት አሮጌ ነው። ሱማሌ ተራን ሁለት ቅዳሜ ዞርኩት። የላንድሮቨር ካምቢዮ እንደ ድንጋይ ተከምሮ አየሁ፣ ኦቨርድራይቭ ግን የለም። በመጨረሻ እንግሊዝ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አገኘልኝና ሻንጣው ውስጥ ይዞት መጣ። ሻንጣው ሲፈተሽ ጠያቂው «ይሄ ምንድነው?» ሲለው፣ እሱም ስለማያውቀው «የአጎቴ ልጅ ያውቀዋል» ብሎ መለሰ። የእኔ አባት አጎቱ ነዋ። እንዴት እንዳለፈ እስካሁን ይገርመኛል።

አሮጌ የምትገዙ ከሆነ ሦስት ነገር ሳታዩ ብር አታውጡ። አንደኛ፣ ዘንጉ ላይ የሚጠልቀው ውስጡ ጥርስ ያለው ቱቦ አብሮ መኖሩን። ብዙ ጊዜ ሲፈታ መኪናው ላይ ይቀራል፣ ያለ እሱ ደግሞ ዕቃው ብረት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የዚያ ቱቦ ጥርስ አልተበላም ወይ? ጥርሱ እንደ ቢላ ከሾለ ተዉት። ሦስተኛ፣ ማስገቢያውን በእጅ ወዲያና ወዲህ አድርጉት። ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። የእኔ ሦስቱንም አለፈ። የጎደለው ዱላው ነበር። እሱን ቶርኖ ቤት ከወፍራም ብረት አሠራሁት። አናቱ ላይ ያለው ጥቁር ኳስ የድሮ ቢሊያርዶ ኳስ ነው። ቁጥሩ ስምንት ነው።

ወደ ጋራዥ ወሰድኳት። ላንድሮቨር ሲሠራ ያደገ አንድ አዛውንት መካኒክ አለ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ዕቃውን አገላብጦ አየና «ልጄ፣ መጀመሪያ ያንተን ካምቢዮ ልየው» አለኝ። እኔ ቸኩያለሁ። እሱ አልቸኮለም።

የመሀለኛውን መቀመጫ አነሳ። ሥሩ ክዳን አለ፣ ስድስት ብሎን። ክዳኑ ሲነሳ የትራንስፈሩ ጀርባ ከላይ ይታያል። የትራንስፈሩን ዘይት አወረደ። ወደ ሁለት ሊትር ተኩል ነው፣ ጥቁር እንደ ጠላ ቂጣ። የኋላውን ክዳን ፈታ። እዚያ የካምቢዮው ዋና ዘንግ ጫፍ ብቅ አለ፣ ትልቅ ዳዶ ታስሮበት። ጋሼ እጁን በጨርቅ ጠርጎ የዘንጉን ጫፍ በሁለት ጣትና በአውራ ጣቱ ያዘ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ራሱ ሳበው። ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። «ኩሽኔታው ደህና ነው» አለ፣ ዘንጉ የሚዞርበትን ማለቱ ነው።

ይህን አትዝለሉት። ኦቨርድራይቩ ሙሉ በሙሉ የሚተማመነው በዚያ ዘንግ ላይ ነው። የኋላው ኩሽኔታ ካለቀና ዘንጉ የሚጫወት ከሆነ አዲሱን ዕቃ አብሮ ይበላዋል። ማርሽ ራሱን የሚያወጣ፣ ሦስተኛ ላይ የሚያፏጭ ካምቢዮ ካላችሁ ብራችሁን መጀመሪያ እሱ ላይ አውጡ።

ዳዶው የታገተው ጆሮዋ በታጠፈ ሮንዴላ ነው። ጆሮዋን በመሮ ቀስ አድርጎ አቀናት። ከዚያ ማርሽ አስገብቶ የእጅ ፍሬን ሳበ፣ ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር። በሚሊ ሜትር የሚለካ ቁልፍ እዚህ አይሠራም። ላንድሮቨር የኢንች ናት፣ ያውም ከአንድ በላይ ዓይነት ኢንች። ጋሼ ለዚያ ዳዶ ራሱ ያሠራው ረጅም ቁልፍ ነበረው። ጫፉ ላይ ቧንቧ ሰካና ተጫነው። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ «ቋ!» አለ። ተሰበረ ብዬ ደነገጥኩ። ዳዶው ለቆ ነው።

ዘንጉ ላይ ያለው የድሮ ጊር ወጣ። እንዳትጥሉት። አንድ ቀን ኦቨርድራይቩ ቢበላሽ፣ መኪናውን ወደ ድሮው የሚመልሰው እሱ ነው። የእኔ ዘይት ተቀብቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ መቀመጫዬ ሥር ተቀምጧል።

መግጠሙ ከመፍታቱ ይቀላል፣ አንድ ነገር ካወቃችሁ። ዕቃው ገፋ ሲደረግ በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው ገብቶ ከትራንስፈሩ ፊት ጋር መገናኘት አለበት። ሁለት ሴንቲ ሲቀረው ቆመ። የጋሼ ረዳት፣ ወጣት ነው፣ ዳዶዎቹን አስገብቶ በማጥበቅ ሊስበው ሲል ጋሼ እጁን መታው። «አልሙኒየም ነው! ትሰነጥቀዋለህ!» የማይገባው ጥርስና ጥርስ ስላልተገናኙ ብቻ ነው። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አነሱ። የእጅ ፍሬኑ ተለቀቀ። እኔ ጎማውን በቀስታ ሳዞር፣ ጋሼ ዕቃውን በደረቱ ገፋ አድርጎ ያዘው። ሩብ ዙር እንኳን ሳልሞላ «ጥፕ» ብሎ ገባ። ድምፁ የመሳቢያ መዘጋት ይመስላል። ዳዶዎቹ የጠበቁት ከዚያ በኋላ ነው፣ በየተራ፣ ፊት ለፊት እየተቀያየሩ።

የዱላው መውጫ እንዲሆን መሸፈኛው ላይ አንድ ቀዳዳ በሳን። ያን ቀዳዳ ስበሳ አባዬን አስታወስኩ። ይቆጣኝ ነበር።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ።

ዕቃው የራሱ ዘይት አለው። ከካምቢዮውም ከትራንስፈሩም የተለየ። የሚይዘው ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ቢጎድል ብዙ ነው። በዚያ ቀን ዘይቱ የተሞላው መኪናዋ ገና በክሪክ ተነስታ ዘንበል እንዳለች ነው። ከደረጃ ማሳያው ቀዳዳ መፍሰስ ሲጀምር ሞላ ብለን ዘጋነው። አልሞላም ነበር። ዘንበል ስላለ ነው የፈሰሰው። ቸኩለን ነበር፣ መሽቶ ነበር። ጥፋቱ የእኔም ነው፣ ቆሜ እያየሁ ነበር።

በማግስቱ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሰንዳፋ ድረስ እንደ ሕልም ነበር። ኦቨርድራይቩን አስገብቼ 85 ላይ፣ ራዲዮ ይሰማኛል! ያ ራዲዮ አስፋልት ላይ ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነው። አለልቱን እንዳለፍኩ ቀጭን ፉጨት መጣ። ከጎማ ነው አልኩ። ሸኖ ስደርስ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ቆሜ የመሀሉን መቀመጫ አነሳሁና ክዳኑ ላይ መዳፌን አሳረፍኩ። ወዲያው አነሳሁት። ብረቱ እንደ ምጣድ ግሏል።

ዱላውን ወደ ቀጥታ መለስኩና መንገዴን ልቀጥል አሰብኩ። መልካሙ ነገር ለጋሼ መደወሌ ነው። «እንዳትነካት! ቀጥታም ብትሆን ውስጡ ይዞራል» አለኝ። ልክ ነው። ዱላው የሚመርጠው ኃይሉ በየት እንደሚያልፍ ነው እንጂ ጥርሶቹ ሁልጊዜ ይሽከረከራሉ። ዘይት ከሌለው ቀጥታም አያድንም። አንድ ሰዓት ቆሜ አቀዘቀዝኩት። ሸኖ ከተማ የማርሽ ዘይት ገዛሁ። ሜዳ ላይ፣ አራቱም ጎማ መሬት ነክቶ፣ በፕላስቲክ ቱቦ ሞላሁት። የሚይዘውን ግማሽ ያህል ጠጣ።

ስመለስ ሙሉውን አወረድነው። ዘይቱ ውስጥ ብርማ ደቃቅ ነበር፣ ቁራጭ ብረት ግን የለም። ተረፈ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሜ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ አየዋለሁ። ዘይቱ 90 የሚባለው የማርሽ ዘይት ነው፣ ጂኤል 4 የሚል የተጻፈበት። አንዳንድ ጂኤል 5 ነሐስ ስለሚበላና ማርሽ ማመሳሰያው ነሐስ ስለሆነ እሱን እተወዋለሁ።

ስለ አነዳዱ። ሰው ሁሉ ኦቨርድራይቭ ሲባል አምስተኛ ማርሽ ነው የሚመስለው። ለአዳማ መንገድ እውነት ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው የተገኘው። የዚህች መኪና ሦስተኛ ማርሽ 1.50 ነው፣ አራተኛው 1.00። በመካከላቸው ገደል አለ። ረጅምና ለስላሳ ዳገት ላይ ሦስተኛ ይጮኻል፣ አራተኛ ደግሞ ይሞታል። የጫነ ላንድሮቨር የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። አሁን ሦስተኛ ላይ ሆኜ ኦቨርድራይቩን ሳስገባ 1.17 ይሆንልኛል። በሦስተኛና በአራተኛ መሀል አዲስ ማርሽ ማለት ነው። ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ያለውን መንገድ ግማሹን የምወጣው በእሱ ነው። ሁለተኛ ላይም እንዲሁ ይሠራል። አራተኛ ከኦቨርድራይቭ ጋር ዳገት ላይ ግን አትሞክሩት። በዚህ ከፍታ ሞተሩ አይጎትተውም። ሜዳና ትንሽ ቁልቁለት ብቻ ነው።

ቁልቁለት ስል፣ ጠርማበር። ከዋሻው ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ኦቨርድራይቩን ከዋሻው በፊት አውጡት። እሱ እንደገባ ከወረዳችሁ ሞተሩ መኪናዋን የሚይዝበት ጉልበት ይቀንሳል፣ ላንድሮቨሯም አራቱም ፍሬኗ ከበሮ ነው። ከበሮ ፍሬን ሲግል ፔዳሉ ይለሰልሳል። አንዴ ረስቼው ሦስተኛው ኩርባ ላይ ትዝ አለኝ። ፍሪሲዮን ረግጬ ዱላውን ስመልስ፣ በዚያች አንድ ሰከንድ መኪናዋ በነጻ ስትንደረደር የተሰማኝን አልረሳውም። አጠገቤ የነበረው ወንድሜ ምንም አላለም። ደብረ ሲና ስንደርስ ግን ሁለት ሻይ በላይ በላዩ ጠጣ።

በከባዱ ማርሽም አልጠቀምበትም። ጭቃ ውስጥ ስትታገል ያ ሁሉ ጉልበት በትንሿ ዕቃ ጥርስ ላይ ማለፍ የለበትም። ዱላው ሲገባም ሲወጣም ፍሪሲዮን ይረገጣል። ያለ ፍሪሲዮን ይገባል የሚሉ አሉ። ይገባል፤ ዕቃውን ግን ማን ይተካላቸዋል?

ነዳጅ ይቆጥባል ወይ? የሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ነው የሚጠይቀው። በፊት ረጅም መንገድ ላይ በሊትር ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄድልኝ ነበር። አሁን ሰባት ትጠጋለች። ከተማ ውስጥ ምንም ለውጥ የለም። ዕቃውን፣ ቶርኖውን፣ የጋሼን እጅ ስደምር ግን በነዳጅ ቁጠባ ይመለሳል ብዬ አላስብም። ለነዳጅ ብላችሁ አታድርጉት። ለጆሯችሁና ለሞተራችሁ ከሆነ አድርጉት። ፍጥነት ለመጨመርም አይደለም። 110 ትሄዳለች ወይ ላሉኝ፣ ማቆሚያውን አልጨመርኩም እላቸዋለሁ። እኔ 85 ላይ ነኝ።

ኦቨርድራይቩን ካስገጠምኩ በኋላ እናቴን ዳግመኛ አዳማ ወሰድኳት። ሞጆን ካለፍን በኋላ ከኋላ መቀመጫ «ዛሬ ምን ሆና ነው ዝም ያለችው? ታማለች እንዴ?» አለችኝ። ስትመለስ ስለ ሚኒባስ አላነሳችም።

ባለፈው ቅዳሜ ዘይቱን ሳየው ትንሽ ወርዶ አገኘሁት። የዱላው መውጫ አካባቢ ያለው ፓራኦሊዮ፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት፣ ማላብ ጀምሯል። ለአክስቴ ልጅ ቁጥሩን ልኬለታለሁ። ለገና ይመጣል፤ ይህኛው እንኳ ኪስ ውስጥ ይገባል።